የእናት ፋይል ልጅ አያዝልም

ጠያቂያችን ጎንደር ፒያሳ አካባቢ በአንድ መድኃኒት ቤት የሚሠራ የ26 ዓመት ወጣት ነው። ታላቅ እኅቱ በዲቪ ዕድል ነሐሴ 2021 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ገብታ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ አግብታ አንድ ልጅ ወልዳለች። ዘንድሮ ለጥምቀት መጥታ በነበረችበት ጊዜ እናቷን ልትወስድ እንደምትፈልግ ለቤተሰቡ ተናግራ ተመልሳለች። አባታቸው ሞተዋል። ቤቱ ውስጥ ከጠያቂው ሌላ የ17 ዓመት ታናሽ ወንድምና ወላጆቿን በማጣቷ እናታቸው ከሦስት ዓመቷ ጀምረው ያሳደጓት የ11 ዓመት የአክስት ልጅ አሉ። ደብዳቤው እንዲህ ይላል፦

«እኅቴ ግሪን ካርድ ስላላት እናታችንን ስፖንሰር ማድረግ ትችላለች፤ እናታችን ሲያልፉ እኛ ልጆቻቸው ከሥራቸው እንገባለን ተብለናል። አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ ለአራታችንም 180,000 ብር ጠይቆናል። የወንድሜን ዕድሜ ወደ 13 ዝቅ ማድረግ፣ ልጅቱንም እናቴ የወለዷት ብሎ ማስመዝገብ ያስፈልጋል ይላል። እኔ ከፋሲካ በኋላ ሠርግ አለኝ፤ ላዘግየው? ደግሞስ እናቴ ለጊዜው በጉብኝት ቪዛ ቢሄዱና እዚያው ቢቀሩ አይቀልም? 40,000 ብር ቀብድና የእናቴን ሰነዶች አስረክቤአለሁ።»

እኅትህ ዛሬ በያዘችው ወረቀት ለእናታችሁ ማመልከት አትችልም። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ማመልከት የሚችለው ለትዳር ጓደኛውና ላላገቡ ልጆቹ ብቻ ነው። ለእናት፣ ለአባት፣ ለወንድምና ለእኅት የሚያመለክት ሰው ዜግነት ያገኘና 21 ዓመት የሞላው መሆን አለበት። ሰውን የሚያሳስተው «ስፖንሰር» የሚለው ቃል ይመስለኛል። በእኛ አነጋገር ስፖንሰር ገንዘብ ያለው፣ ደብዳቤ የሚጽፍ ዘመድ ነው። እዚያ ግን ሥራው ሁለት ነው፤ አንዱ ዝምድናን አስመዝግቦ ፋይሉን የሚከፍተው አይ-130 የሚባለው ማመልከቻ ሲሆን ሌላው በመጨረሻ የሚመጣው የገቢ ዋስትና፣ አይ-864፣ ነው። ገቢው የሚበቃ፣ እዚያ የሚኖር ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ ሁሉ አብሮ ዋስ ሊሆን ይችላል፤ ፋይል መክፈት የሚችለው ግን ሕጉ የጠራው ዘመድ ብቻ ነው።

ከዚህ የባሰው «ከእናታችን ሥር እንገባለን» የሚለው ነው። በዚህ አባባል የተነሣ ቤት ሸጠው የተቀመጡ ቤተሰቦችን አውቃለሁ። የአሜሪካ ዜጋ እናት «የቅርብ ቤተሰብ» ከሚባለው መደብ ናቸው፤ በዓመት የተወሰነ የቪዛ ቁጥር የለባቸውም፣ የዓመታት ወረፋም አይጠብቁም። ሕጉ ይህን ጥቅም ሲሰጥ በሌላው እጁ አንድ ነገር ወስዷል፦ በዚህ መደብ የሚሄድ ሰው ማንንም አስከትሎ አይገባም። ባል እንኳ ቢሆን። አባትህ በሕይወት ቢኖሩ ኖሮ እኅትህ ለእሳቸው ለብቻ ሌላ ማመልከቻ ማስገባት ነበረባት። ደላላው የሚያወራው ስለ ሌሎቹ፣ ወረፋ ስላላቸው መደቦች ነው፤ በእነዚያ የዋናው አመልካች ባለቤትና ከ21 ዓመት በታች ያሉ ያላገቡ ልጆች አብረው ይሄዳሉ። ሕጉን ከአንዱ መደብ ወደ ሌላው ገልብጦ ነው የሸጠላችሁ። ባለማወቅ ይሁን በማወቅ ለኪሳችሁ ልዩነት የለውም።

ስለዚህ የወንድምህን ዕድሜ መቀነስ ወንጀል ከመሆኑም በፊት ጥቅም የለውም። በእናቱ ፋይል የ13 ዓመት ልጅም የ17 ዓመት ልጅም እኩል አይገባም። ጉዳቱ ግን ትልቅ ነው። ቆንስላው ዕድሜን የሚያመዛዝነው በአንድ ወረቀት ብቻ አይደለም፤ የስምንተኛ ክፍል ውጤቱ፣ የክርስትና ማስረጃው፣ ፊቱ ራሱ አለ። ልጅቱን በተመለከተም ሒሳቡን አስበው። እናትህ 60 ዓመታቸው ነው፤ ልጅቱ 11። በ49 ዓመታቸው ወለዷት ማለታችሁ ነው። ቪዛ ሰጪው መቀነስ ይችላል፤ ከዚያም የዘረመል ምርመራ እንዲደረግ ይጠይቃል፤ ያን ጊዜ ፋይሉ አለቀ።

«አለቀ» ስል ለዚያ ጊዜ ብቻ ማለቴ አይደለም። ቪዛ ለማግኘት በወሳኝ ነገር ላይ የዋሸ ሰው ለዕድሜ ልኩ እንዳይገባ ይከለከላል። ይቅርታ የሚጠየቅበት መንገድ አለ፤ ነገር ግን ጠያቂው ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው የትዳር ጓደኛ ወይም ወላጅ ሊኖረውና በዚያ ዘመድ ላይ ከባድ ችግር እንደሚደርስ ሊያሳይ ይገባል። ልጅ በዚህ ውስጥ አይቆጠርም። የእናትህ የአሜሪካ ዘመድ ልጃቸው ብቻ ናት፤ እንግዲህ ይህ ቢደርስ ለእናትህ የይቅርታው በርም ዝግ ነው። 180,000 ብር የሚከፈለው ዛሬ ጥርት ያለውን የእናትህን ጉዳይ ለማበላሸት ነው።

አሁን እውነተኛውን መንገድ እንይ። ቁልፉ የእኅትህ ዜግነት ነው። በዲቪ የገባ ሰው ቋሚ ነዋሪ ከሆነበት ቀን አምስት ዓመት ሲሞላው ለዜግነት ያመለክታል፤ ሕጉ ማመልከቻውን 90 ቀን አስቀድሞ ማስገባትን ይፈቅዳል። የእኅትህ አምስት ዓመት በነሐሴ 2026 እ.ኤ.አ. ይሞላል፤ ስለዚህ ከግንቦት ጀምሮ ማስገባት ትችላለች። (ባሏ ዜጋ ከሆነና ከእሱ ጋር ሦስት ዓመት ከኖረች ከዚህም ሊያጥር ይችላል፤ በደብዳቤህ ባሏ ምን እንደሆነ አልገለጽህም፣ ጠይቃት።) አንድ ነገር ግን ትመልከት። በእነዚህ ዓመታት በአንድ ጉዞ ከስድስት ወር በላይ ከአሜሪካ ውጪ ቆይታ እንደሆነ፣ ለምሳሌ አባታችሁ በታመሙ ጊዜ፣ ነዋሪነቷ እንደተቋረጠ ይገመታል። ግምቱን በማስረጃ ማፍረስ ይቻላል፤ ሥራዋን አለመልቀቋን፣ የቤት ኪራይ መክፈሏን፣ ግብር መክፈሏን የሚያሳይ ወረቀት ትያዝ። ከአንድ ዓመት በላይ ከሆነ ግን ያለ ጠበቃ አትንቀሳቀስ።

ዜግነቱን ባገኘች ሳምንት ሦስት ማመልከቻ እንድታስገባ እመክራለሁ፤ አንዱ ለእናትህ፣ አንዱ ለአንተ፣ አንዱ ለታናሽ ወንድምህ። ሦስቱም የተለያዩ ፋይሎች ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አይጎትትም፣ አንዱም ሌላውን አያጠፋም። የእያንዳንዱ ክፍያ በኢንተርኔት ሲሞላ 625 ዶላር፣ በወረቀት 675 ዶላር ነው። ይህ ገንዘብ የሚከፈለው ለአሜሪካ መንግሥት ብቻ ነው።

የእናትህ ፋይል ከተፈቀደ በኋላ ወደ ብሔራዊ የቪዛ ማዕከል ይተላለፋል። እዚያ የቪዛው 325 ዶላርና የገቢ ዋስትናው መመርመሪያ 120 ዶላር ይከፈላል፤ ዲኤስ-260 የሚባለው ቅጽ ይሞላል፤ ሰነዶች ይላካሉ። በዲኤስ-260 ላይ እናትህ የወለዷቸውን ልጆች በሙሉ መጻፍ አለባቸው፣ አብረው የማይሄዱትንም። ብዙ ሰው «የማይሄደውን ምን አስጻፈኝ» ብሎ ይተዋል፤ ከዓመታት በኋላ ያው ልጅ ሲጠየቅ «ከየት መጣ?» ይባላል።

አሁን ሰነድ ላይ ልቆይ፤ የጎንደር ፋይል የሚሰናከለው እዚህ ነውና። ሰዎች የእናትየውን የልደት ምስክር ወረቀት ለማውጣት ይሯሯጣሉ፤ እሱም ያስፈልጋል፤ ዝምድናውን የሚያረጋግጠው ግን የልጅቱ፣ የእኅትህ፣ የልደት ምስክር ወረቀት ነው። የእናትህ ስም እዚያ ላይ የግድ መኖር አለበት፤ የተጻፈውም በፓስፖርታቸው ላይ እንዳለው መሆን ይኖርበታል። እዚህ ላይ ነው የክርስትና ስም የሚገባው። ደብሩ የሚያውቃቸው በክርስትና ስማቸው፣ ቀበሌው በዓለም ስማቸው፣ ጎረቤት ደግሞ በሦስተኛ ስም ነው። ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ ማስረጃ ቀድሞ ማዘጋጀት የአንድ ሳምንት ሥራ ነው፤ ቃለ መጠይቁ ላይ ከተጠየቀ በኋላ ግን ወራት ይበላል። በእንግሊዝኛ ፊደል የሚጻፈውም እንዲሁ ነው፤ «ጸ» እና «ጽ» ያለበትን ስም አንዱ መሥሪያ ቤት እንዲህ፣ ሌላው እንዲያ ይጽፈዋል። መለኪያው ፓስፖርቱ ይሁን፤ ሌላው ሁሉ ከእሱ ጋር ይስማማ።

የቀን አቆጣጠሩ ሌላው ወጥመድ ነው። እናትህ ጥር 12 ቀን 1958 ዓ.ም. ነው የተወለዱት ብለሃል። ይህ በአውሮፓውያን ጃንዋሪ 20፣ 1966 ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት የተወለደ ሰው ላይ ሰባት ዓመት ይጨመራል፣ ከዚያ በኋላ ስምንት። ቅጽ ሞይው 1958ን እንዳለ ቢያስቀምጠው እናትህ በአንድ ምሽት ስምንት ዓመት ያረጃሉ፤ ሰባት ቢጨምር ደግሞ አንድ ዓመት ያረጃሉ። እኅትህ በ2021 ለዲቪዋ የሞላችው ቅጽ የእናቷን ስምና የልደት ቀን ይዟል፤ ቅጂውን ታውጣና አሁን የሚጻፈው ከዚያ ጋር ይመሳከር። ያኔ ተሳስታ ጽፋ ከሆነ አሁን እውነቱን ጽፋ ስሕተቱን በግልጽ ታስረዳ። ስሕተትን ለማስማማት ሲሉ ሌላ ስሕተት መጨመር የተለመደ ሞኝነት ነው።

በ1958 ገጠር የተወለደ ሰው የልደት ምስክር ወረቀት እንዳልነበረው ቆንስላው ያውቃል። በአገራችን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአዋጅ 760/2004 ተደንግጎ በሥራ ላይ የዋለው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ዘግይቶ የወጣ ወረቀት ብቻውን ደካማ ማስረጃ ስለሆነ ደጋፊዎቹን ሰብስብ፦ ከደብሩ የክርስትና ማስረጃ፣ የእኅትህ የትምህርት ቤት መዝገብ የእናት ስም ካለበት፣ የአባትህ የሞት ማስረጃ፣ የድሮ ፎቶግራፎች፣ እኅትህ ገንዘብ የላከችባቸው የባንክ ደረሰኞች። ይህ ሁሉ ባይበቃ የዘረመል ምርመራ ይጠየቃል። በእናትና በልጅ መካከል ስለሆነ ውጤቱ አያስፈራችሁም። ግን ሳትጠየቁ አታሠሩ፤ ተቀባይነት ያለው በኤምባሲው በኩል፣ አሜሪካ ውስጥ ዕውቅና ባለው ላቦራቶሪ የተሠራና ውጤቱ በቀጥታ የሚላክ ብቻ ነው። በእጅ የመጣ ውጤት ወረቀት ብቻ ነው።

የጤና ምርመራው አዲስ አበባ ኤምባሲው በሰየማቸው ሐኪሞች ዘንድ ይደረጋል፤ ጎንደር ሆስፒታል የተሠራ አይያዝም። ደረት ላይ ጠባሳ ከታየ የሳንባ ነቀርሳን የሚፈልግ የአክታ ምርመራ (ካልቸር) ይታዘዛል፤ እሱ እስከ ሁለት ወር ይወስዳል። ስለዚህ ለቃለ መጠይቁ ሳምንት ሲቀረው መሄድ አያዋጣም። ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ በመኪና እየተመላለሱ እንዳይንገላቱም አስብላቸው፤ መንገዱ በሚያሠጋበት ጊዜ ከአዘዞ በአውሮፕላን መሄዱ ውድ ቢመስልም ይሻላል።

ገቢውን እኅትህ ቀድማ ታስላው። ዋስ የሚሆን ሰው ገቢ ከድህነት መለኪያው 125 በመቶ ማነስ የለበትም። ቤተሰቡ እሷ፣ ባሏ፣ ልጇና እናትህ ቢሆኑ በ2025ቱ መመሪያ ወደ 40,187 ዶላር በዓመት ነበር፤ መለኪያው በየዓመቱ ይሻሻላል። ካልደረሰች እዚያው የሚኖር ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ ሌላ ሰው አብሮ ሊዋስላት ይችላል። ያ ሰው የሚፈርመው ነገር ቀላል እንዳልሆነ ይነገረው፤ ዋስትናው እናትህ ዜጋ እስኪሆኑ ወይም ለአሥር ዓመት ያህል እስኪሠሩ ድረስ ይቆያል።

ወደ ታናሽ ወንድምህ ልመለስ። ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው እኅቱ ዜጋ ሆና የምትከፍትለት የወንድም ፋይል ነው። በዚህ መደብ ለዓለም ሁሉ በዓመት የተመደበው ቪዛ 65,000 ነው፤ ከዚያ ላይ የአመልካቾች ሚስቶችና ልጆችም ይቆጠራሉ፤ ወረፋው ዛሬ ከ15 ዓመት በላይ ነው። ሁለተኛው እናቱ ግሪን ካርድ ካገኙ በኋላ የሚከፍቱለት ነው፤ ከ21 ዓመት በታች ከሆነ ወረፋው የጥቂት ዓመታት፣ 21 ካለፈው ደግሞ በቅርብ ጊዜ እንደታየው ስምንትና ዘጠኝ ዓመት ነው። የተወለደው ሐምሌ 2000 ዓ.ም. ስለሆነ ሐምሌ 2021 ዓ.ም. 21 ይሞላዋል። የእኅትህን ዜግነት፣ የእናትህን ሂደት ስትደምረው ጊዜው የሚቀድመው ይመስላል። ሕጉ የማመልከቻው ምርመራ የወሰደውን ጊዜ ከዕድሜው ላይ ይቀንስለታል፤ ቢያልፈውም ወረፋ የያዘበት ቀን አይጠፋም፣ ወደ ረጅሙ ሰልፍ ይዛወራል እንጂ። በእናቱ ፋይል እስካለ ድረስ ግን ማግባት የለበትም። ግሪን ካርድ ያለው ወላጅ ላገባ ልጁ ማመልከት ስለማይችል፣ በወረፋ ላይ ሳለ ቢያገባ ፋይሉ በዚያው ቀን ይሞታል። ብዙ ሰው በድብቅ በሽማግሌ ያገባና «በማዘጋጃ ቤት አልፈረምኩም» ይላል። በአገራችን የቤተሰብ ሕግ በሃይማኖትም ሆነ በባህል የተፈጸመ ጋብቻ ጋብቻ ነው፤ ቆንስላውም እንደዚያው ነው የሚያየው።

አንተስ? አግባ። ሠርጉን አታዘግይ። የአንተ ተስፋ በእኅትህ የወንድም ፋይል ላይ ነው፤ በዚያ መደብ ያገባና ያላገባ አይለይም፣ ተራህ ሲደርስ ሚስትህና ከ21 ዓመት በታች ያሉ ልጆችህ አብረውህ ይሄዳሉ። በእናትህ በኩል ላለው አጭር ለሚመስለው መንገድ ብለህ አንዲትን ልጅ አሥር ዓመት በቀለበት ማስቀመጥ ግን አልመክርህም። ወረፋው ሲደርስ አርባ ዓመት ያልፍሃል፤ ሕይወትህን ጎንደር ላይ እንደምትኖረው አድርገህ ሥራ፣ ቪዛው ከመጣ ይምጣ።

የምታሳስበኝ ልጅቱ ናት። በሐሰት የእናትህ ልጅ ትሁን የተባለችው፣ በእውነት ልጃቸው ልትሆን የምትችልበት ሕጋዊ መንገድ እያለ ነው። እናትህ ስምንት ዓመት አሳድገዋታል። ይህን ፍርድ ቤት ቀርበው በጉዲፈቻ ያጽድቁት። የአሜሪካ ሕግ የጉዲፈቻን ልጅ እንደ ልጅ የሚቀበለው ጉዲፈቻው 16 ዓመት ሳይሞላት ከተፈጸመ፣ አሳዳጊዋም ሁለት ዓመት በሕጋዊ አሳዳጊነት ይዛት አብረው ከኖሩ ነው። አብሮ መኖሩ ድሮም አለ፤ ሕጋዊ አሳዳጊነቱ ግን በአብዛኛው የሚቆጠረው ፍርድ ቤቱ ከወሰነበት ቀን ነው። ልጅቱ 11 ናት፤ ዘንድሮ ብትጀምሩ ጊዜ አላችሁ፣ አምስት ዓመት ብትቆዩ የላችሁም። እንዲህም ሆኖ ከእናትህ ጋር በአንድ አውሮፕላን አትሄድም። እናትህ ግሪን ካርድ ካገኙ በኋላ ነው የሚያመለክቱላት፤ በመካከል ያሉትን ዓመታት ከማን ጋር ነው የምትኖረው? ከአንተና ከአዲሷ ሙሽራ ጋር? ይህን ከሠርጉ በፊት ለእጮኛህ ነግረሃታል?

እዚህ ላይ ያልጠየቅኸኝን ልናገር። በረጅሙ ደብዳቤህ ውስጥ እናትህ ራሳቸው ምን እንደሚፈልጉ አንድ መስመር አላገኘሁም። ግሪን ካርድ የጉብኝት ወረቀት አይደለም፤ እዚያ ለመኖር ነው። ከአንድ ዓመት በላይ ያለ መመለሻ ፈቃድ ከወጡ ካርዱ መግቢያ መሆኑ ይቀራል፤ ከስድስት ወር በላይ ከቆዩም ጥያቄ ይነሣል። ክረምቱን ቨርጂኒያ፣ ከጥምቀት እስከ ፋሲካ ጎንደር እያሉ ዓመታት መመላለስ ይቻላል ብሎ የሚነግራችሁን አትመኑ። ሕክምናውም አለ፤ 65 ዓመት ለሞላቸው ሰዎች የሚሰጠውን የመንግሥት የጤና መድን በግዢ እንኳ ለማግኘት አዲስ ቋሚ ነዋሪ አምስት ዓመት መኖር አለበት። እስከዚያ መድኑን የምትገዛው እኅትህ ናት። እናትህ የሚፈልጉት የልጅ ልጃቸውን ማየትና ልጃቸውን ማረስ ከሆነ የሚያስፈልጋቸው የጉብኝት ቪዛ ነው።

የጉብኝት ቪዛ ግን በእውነት ለጉብኝት። «ሄደው እዚያው ይቅሩ» የሚለውን ሐሳብ እናትህ ለቪዛው ሲያመለክቱ በልባቸው ይዘውት ቢሄዱና ለቆንስላው «ለሦስት ወር ነው» ቢሉ፣ ከላይ ያልኩት የውሸት ክልከላ ይመጣባቸዋል። ቆንስላው እያንዳንዱን ጎብኚ መቅረት የሚፈልግ አድርጎ ነው የሚጀምረው፤ ተቃራኒውን የሚያስረዱት እሳቸው ናቸው፤ የእኅትህ የግብዣ ደብዳቤ ከአገር ቤት ቤታቸውንና ኃላፊነታቸውን ያህል አይመዝንም። የ185 ዶላሩ ክፍያ ቢከለከሉም አይመለስም። አይ-130 ከገባ በኋላ ካመለከቱ ደግሞ ቅጹ ስለሚጠይቅ መግባቱን መግለጽ ግዴታ ነው፤ ዕድላቸውም ይጠብባል። ስለዚህ ለመሞከር ካሰባችሁ ከዜግነቱ በፊት ያለው ጊዜ ይሻላል።

አንድ ወቅታዊ ነገር ይቀራል። የአሜሪካ መንግሥት ከጃንዋሪ 21፣ 2026 (ጥር 13 ቀን 2018 ዓ.ም.) ጀምሮ ለ75 አገሮች ዜጎች የኢሚግራንት ቪዛ መስጠትን አቁሟል፤ ኢትዮጵያም ከነዚህ አንዷ ናት። የተሰጠው ምክንያት አዲስ ገቢዎች የመንግሥት ድጎማ ጥገኛ እንዳይሆኑ የሚል ነው። እገዳው ቪዛው እንዳይሰጥ ነው እንጂ ማመልከቻ እንዳይገባ ወይም ቃለ መጠይቅ እንዳይደረግ አይከለክልም። ለእናንተ ይህ ሁለት ትርጉም አለው። አንደኛ፣ እኅትህ ዜግነቷን ስትጠብቅ የምታጣው ጊዜ የለም፤ ፋይሉንም ባገኘችው የመጀመሪያ ቀን ትክፈት፣ በተለይ የሁለታችሁን፣ ወረፋው የሚቆጠረው ከገባበት ቀን ነውና። ሁለተኛ፣ እናትህ ቪዛው ፓስፖርታቸው ላይ እስኪለጠፍ ድረስ ቤት አይሸጥ፣ ከብት አይሸጥ፣ የመሰናበቻ ድግስም አይደገስ።

ደላላውን በተመለከተ፦ ቅጹን በአሜሪካ እኅትህ ራሷ ልትሞላው ትችላለች። ነገሩ ከተወሳሰበባት እዚያ ምክር መስጠት የሚችለው ጠበቃ ወይም በአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ዕውቅና የተሰጠው ወኪል ብቻ ነው። 40,000ውን ብር በክስ አስመልሳለሁ ብለህ ብዙ አትልፋ፤ የተከፈለው ለሐሰተኛ ወረቀት ሥራ ስለሆነ ራስህን ነው የምታጋልጠው። የእናትህን ኦሪጅናል ሰነዶች ግን በዚህ ሳምንት፣ ከሽማግሌ ጋርም ሆነህ፣ ከእጁ አውጣ። ከዚያ በቀጥታ ወደ ቀበሌው የወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት ሂድና በእናትህ ስም ልጅቱን ወይም ወንድምህን የሚመለከት አዲስ የልደት ምዝገባ ተደርጎ እንደሆነ አስፈትሽ። ተደርጎ ካገኘኸው፣ እኅትህ አንድም ቅጽ ላይ ሳትፈርም በፊት አሰርዘው፤ መሰረዙን የሚገልጸውንም ደብዳቤ ከሌሎቹ ሰነዶች ጋር አስቀምጥ።